ጅቡቲና የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ በር

በቦሌና በአካባቢው ከሚገኙት ጎዳናዎች ብዙዎቹ በአፍሪካ አገሮች ስም ይጠራሉ። ካሜሩን፥ ናሚቢያ፥ ሩዋንዳ እያልን ስናልፍ የጅቡቲንም ስም እናገኛለን። ሌሎቹ ስሞች የአፍሪካውያን ወንድማማችነት መታሰቢያ ናቸው፤ የጅቡቲ ስም ግን ከመታሰቢያነት ያለፈ ጉዳይ አለበት። በቦሌ የሚሠራው ሕንፃ ብረትና መስተዋት፥ በጎዳናው የሚመላለሰው መኪናና የሚያቃጥለው ነዳጅ፥ ከገርጂ እስከ አያት በየቤቱ ከሚበላው ዘይትና ስንዴም ብዙው፥ በዚያች ትንሽ አገር ወደብ አልፎ የመጣ ነው። በየዕለቱ እየተገለገልንበት እምብዛም አናስበውም።

በዚህ ጽሑፍ የጅቡቲን ምድር፥ ሀብትና ከተሞች ለአንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህም ጋር ልናሳየው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጅቡቲና አዲስ አበባ እርስ በርሳቸው የተሠራሩ ከተሞች መሆናቸው፥ ነገር ግን በታሪካችን ውስጥ አንድም የባሕር በር ሳይለወጥ ለረዥም ዘመን ጸንቶ እንዳልኖረ ነው። የዚህን ነገር ትርጉም መንግሥትን የሚያገለግል ሰው፥ መምህርም ሆነ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል ብለን እናምናለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የምድሪቱ አቀማመጥ

ጅቡቲ የምትገኘው ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኙበት፥ ባብ ኤል መንደብ በተባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ዳር ነው። መተላለፊያው በጠበበበት ስፍራ ከአፍሪካ ጠረፍ እስከ የመን ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ከኤርትራ፥ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ከኢትዮጵያ፥ በደቡብ ምሥራቅ ከሱማሌ ምድር ጋር ትዋሰናለች። የቆዳ ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ኢትዮጵያ በስፋት ከ45 እጥፍ በላይ፥ በሕዝብ ቍጥር ደግሞ ከ100 እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ሆኖም ከሁለቱ አገሮች የባሕር ዳርቻ ያላት ትንሿ ናት።

በመካከሏ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምድር ጠልቆ ይገባል። ከዚያ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የአሳል ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ በአፍሪካ ከሁሉ የዘቀጠው ስፍራ ነው። ውኃው ከባሕር ውኃ ይልቅ እጅግ ጨዋማ ነው፤ በዳርቻው የተጋገረውን ጨው የአፋር ነጋዴዎች ከጥንት ጀምረው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ሲያመላልሱት ኖረዋል። በሰሜን በኩል በኢትዮጵያና በኤርትራ ጠረፍ ላይ የቆመው የሙሳ ዓሊ ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የቀረው ምድር አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በረሃ ነው። ዝናቡ ጥቂት፥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የሌላት አገር ስለ ሆነች፥ እርሻ እምብዛም አይስፋፋባትም። ሕዝቧ በብዛት አፋርና ሱማሌ ነው፤ የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው።

የምድር አቀማመጥ ትምህርት ከቦሌ ጋር የሚያገናኘን እዚህ ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከእንጦጦ ተነሥተው የአዲስ አበባን ምሥራቅ የሚያጠጡት የቀበናና የትልቁ አቃቂ ወንዞች ተቀላቅለው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ይደባለቃሉ። አዋሽ ቆቃን አልፎ፥ መተሐራን አቋርጦ፥ የአፋርን ሜዳ ዞሮ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ክረምት ሲመጣ በቦሌ ጣራዎች ላይ የሚወርደው ዝናብ ጕዞው ወደ ጅቡቲ ነው፤ ወደ ባሕሩ ሳይደርስ ግን ጠረፉ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሠራው የሰው እጅ ነው።

የሁለት እኩያ ከተሞች ልደት

ከሸዋና ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርደው ንግድ በጥንት ዘመን የሚያልፈው በዘይላና በታጁራ ነበር። ዘይላ የሐረር በር ነበረች። ታጁራ ደግሞ በአፋር ሡልጣኖች እጅ የምትገኝ፥ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ንግድ መነሻ ነበረች። በዚህ መንገድ ጨው፥ ልብስና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቡና ወደ ታች ይወርዳል። ከዕቃው ጋር በባርነት የተሸጡ ሰዎች በዚሁ መንገድ እየተነዱ ባሕር መሻገራቸውን ታሪክ ሊሸሽገው አይገባም። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከነጓዙ የወረደው በታጁራ ነበር፤ ከዚያም በአሳል ሐይቅ አጠገብ ያለውን ሐሩር አልፎ ሸዋ የደረሰው በብዙ ድካም ነው።

በ1854 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ከአፋር ሹማምንት ጋር ተዋውለው በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችውን ኦቦክን ያዙ። በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚወስድ ዋና መንገድ ሆነ። የፈረንሳይ መርከቦች ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሲጓዙ ድንጋይ ከሰል የሚጭኑት በእንግሊዞች እጅ በነበረችው በኤደን ነበር፤ ፈረንሳይ ከቻይና ጋር በተዋጋች ጊዜ ግን ኤደን ተዘጋባት። ከዚያ በኋላ የራሷን ወደብ ማበጀት ግድ ሆነባት። ወደ ኦቦክ የተሾመው ሌዎንስ ላጋርድ ቦታው ለትልልቅ መርከቦች የማይመችና ወደ ሐረር ከሚወስደው መንገድ የራቀ መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ፥ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ ላይ ጅቡቲ ተቈረቈረች። መርከብ የሚጠለልበት የተረጋጋ ባሕር፥ በአምቡሊ የሚቀዳ የጕድጓድ ውኃ፥ ወደ ሐረር የሚያወጣም ቅርብ መንገድ አገኘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያ ተዛወረ። ላጋርድ በኋላ በአዲስ አበባ የፈረንሳይ መልእክተኛ ሲሆን፥ ዐፄ ምኒልክ የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕርግ ሰጥተውታል።

ለዓመታቱ ልብ እንበል። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ጅቡቲ የተከተለችው በአንድ ዓመት ገደማ ነው። አንዲቱ ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውኃ ዙሪያ፥ ሁለተኛዪቱ በባሕር ዳር በበረሃ ተወለዱ። የመጀመሪያዪቱ መቀመጫዋ ከባሕር የራቀ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ ሁለተኛዪቱ ከበስተኋላዋ ሰፊ አገር ካልተገኘላት በቀር ሕይወት የማይኖራት ወደብ ነበረች። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ሀዲዱ ነው።

የምድር ባቡሩ ሥራ

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚደርስ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበር። በ1889 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የጠረፉ ውል ተፈረመ፤ በ1890 ዓ.ም. በጅቡቲ የሀዲዱ ሥራ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሽቅብ መውጣቱ ከባድ በመሆኑ ሐረር በስተ ጎን ቀርታ ድሬ ዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ በዚያ ተመሠረተች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ተቋረጠ።

ሥራው የተቋረጠው በገንዘብ ምክንያት ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ይህ ሀዲድ በማን እጅ ይሆናል በሚለው ነገር እርስ በርሳቸው ይጠራጠሩ ነበር። በ1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ ትልቅ ስፍራ ነበረው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ጥቅም በሚገባ ቢያውቁም፥ በውጭ መንግሥት ገንዘብና ትእዛዝ የሚሄድ ሀዲድ ለነጻነታቸው ሥጋት ሊሆን እንደሚችል አልዘነጉም። በሌላ ሰው ምድር የሚያልፍ መንገድ ሁሉ ይህን ሁለት ገጽታ ይዞ ይኖራል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ውል ተደርጎ አዲስ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1909 ዓ.ም. ሀዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሲራራ ነጋዴ ሳምንታትንና ወራትን የሚፈጅበትን ጕዞ መንገደኛው በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይጨርሰው ጀመር። በ1922 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጣቢያ አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ። ፈረንሳዮች ጣቢያውን የሚጠሩበት ቃል በሕዝቡ አፍ ለገሀር ሆነ፤ ይህም ስም ከአሮጌው ባቡር ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ እስከ ዛሬ ድረስ የሰፈር ስም ሆኖ ይኖራል። ፉርጎም እንዲሁ ከሀዲዱ ጋር የመጣ ቃል ነው።

ባቡሩ ከስም በላይ ነገር አምጥቷል። የሣር ክዳን ለነበራቸው ቤቶች ቆርቆሮ፥ ለሕንፃ ሲሚንቶና ብረት፥ ለነጋዴው ልዩ ልዩ ሸቀጥ በፉርጎ እየተጫነ ገባ። በአንጻሩ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ወረደ። አዲስ አበባ እንደ ቀድሞዎቹ የነገሥታት ሰፈሮች ከዓመታት በኋላ እንዳትለቀቅ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ ሀዲድ ነው። ጅቡቲም በበኩሏ የመርከብ ማረፊያ ብቻ ከመሆን አልፋ የወደብ ሠራተኛ፥ የነጋዴና የጸሐፊ ከተማ ሆነች። የንግዱ ጕዞ ከእርሷ ጋር ሲታሰር ጥንታዊቱ ዘይላ እየደከመች ሄደች፤ ታጁራና ኦቦክም ትንንሽ ከተሞች ሆነው ቀሩ።

የወደቦች መለዋወጥ

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን የአንድ በር ጽናት እንዴት በጦርነትና በፖለቲካ እንደሚፈተን ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው ነው። ኢጣልያኖች አገሩን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይ ወደብ መገልገልን ስላልወደዱት ከደሴ ወደ አሰብ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ሠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጅቡቲ አስተዳደር ለጀርመን እጁን ከሰጠው የፈረንሳይ መንግሥት ጋር በመቆሙ፥ እንግሊዞች ወደቡን ከብበው ዘጉት፤ ሕዝቡም እስከ 1935 ዓ.ም. በረኀብና በችግር ኖረ። ምግቡን ከሌላ አገር የሚያመጣ ከተማ መንገዱ ሲዘጋበት ምን እንደሚደርስበት ይህ ዘመን አሳይቷል።

በ1941 ዓ.ም. ጅቡቲ ከቀረጥ ነጻ የሆነ ወደብ ተባለች፤ በዚያው ዓመት ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተያያዘ የራሷ ፍራንክ ወጣላት። ሐሳቡ ንግድን ወደ እርሷ ለመሳብ ነበር። በ1945 ዓ.ም. ግን ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ምጽዋና አሰብ ለኢትዮጵያ ንግድ ተከፈቱ። አሰብ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የጅቡቲን ሥራ ተካፈለ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ በምድር ባቡሩ ኩባንያ ከፈረንሳይ ጋር እኩል ድርሻ ያዘች።

ጅቡቲ በ1959 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ከተደረገባት በኋላ የፈረንሳይ የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት ተብላ ነበር። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶንም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነጻነቷን ባገኘች ማግሥት ግን ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ተዋጉ። የባቡሩ ድልድዮች ተሰብረው ሀዲዱ ለብዙ ወራት ተዘጋ። አዲሲቱ አገር የገቢዋ ምንጭ ገና ከመጀመሪያው ሲደርቅባት፥ የኢትዮጵያ ንግድ ወደ አሰብ አዘነበለ። በሚቀጥሉት ዓመታት ባቡሩ ሥራውን ቢቀጥልም የቀድሞ ኃይሉን አላገኘም።

ዕጣው እንደገና ተገለበጠ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የሌላት አገር ሆነች። በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ መካከል ጦርነት ሲነሣ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጉ። በዚያን ጊዜ የመላው አገር ገቢና ወጪ ንግድ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዘይላና ከታጁራ ጀምረን ብንቈጥር በአንድ መቶ ዐምሳ ዓመት ውስጥ የንግዳችን ዋና በር ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ለውጡንም አብዛኛውን ጊዜ ያመጣው ከነጋዴው ፈቃድ ውጭ የሆነ ነገር ነው።

የዛሬዪቱ ጅቡቲ ሀብትና ከተሞች

ዛሬ የጅቡቲ ሀብት የሚመነጨው ከአቀማመጧ ነው። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ከወደቦቿም ጭነት አብዛኛው የኢትዮጵያ ነው። አሮጌው ወደብ ስለ ጠበበ በዶራሌ በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ወደብ፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚያስተናግድ ወደብ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የታጁራ አዲስ ወደብና ለአሳል ጨው ማውጫ የተሠራው የጉቤት ወደብ ሥራ ጀመሩ። ከወደቡ ሌላ የኪራይ ገቢ አላት፤ ፈረንሳይ፥ አሜሪካ፥ ጃፓን፥ ኢጣልያና ቻይና የጦር ሰፈር በምድሯ አላቸው። ይህን ያህል ልዩ ልዩ መንግሥታት ጦራቸውን በአንዲት ትንሽ አገር ያሰፈሩት ባብ ኤል መንደብን ለመጠበቅ ነው።

ከተሞቿን ስንመለከት፥ ከሕዝቧ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል በዋና ከተማዋ ይኖራል። ዓሊ ሳቢህ በባቡሩ መንገድ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ የተጠጋች ናት። ዲኪል ከጋላፊ በሚመጣው የመኪና መንገድ በኩል ትገኛለች። አርታ በኮረብታ ላይ በመሆኗ ከዋናው ከተማ ሙቀት የሚሸሹባት ናት። ታጁራና ኦቦክ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፥ የቀድሞ ታሪካቸውን ይዘው ይኖራሉ። ስለዚህ ጅቡቲን ሰፊ ግቢ የያዘ አንድ ትልቅ ከተማ ብንላት ከእውነት አንርቅም።

ይህ ከተማ ከባሕር ዳር ተቀምጦ ውኃ ይጠማዋል። ለዚህም መድኃኒቱ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ገደማ በሱማሌ ክልል ከምትገኘው፥ ቀድሞ የባቡር ጣቢያ ከነበረችው ከአዲጋላ የጕድጓድ ውኃ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ እየተጓዘ ወደ ጅቡቲ መፍሰስ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከድሬ ዳዋ በተዘረጋ መሥመር ይሄድላታል። አትክልትና ፍራፍሬ፥ ጫትም ከኢትዮጵያ ይገባላታል። በሩ ቤቱን እንደሚያገለግል ሁሉ ቤቱም በሩን ያጠጣዋል፤ ያበራለታልም።

ቦሌና ምሥራቅ አዲስ አበባ

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። በ1950ዎቹ ዓመታት የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች አጭር በመሆኑ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ተሠራ። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማው ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። ከመስቀል አደባባይ ወደ ማረፊያው የተዘረጋው መንገድ መነሻው ከለገሀር እጅግ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ በከተማዪቱ ደቡብ ምሥራቅ የባሕሩ በርና የሰማዩ በር ጐረቤቶች ሆኑ። መንደሩ መንገዱን ተከትሎ አደገ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ የመንገደኞች ማስተናገጃ ተመረቀ፤ እርሱም በ2011 ዓ.ም. በእጅጉ ተስፋፋ። ዛሬ ቦሌ፥ ገርጂ፥ ሲ.ኤም.ሲ. እና አያት ያሉበት ምሥራቁ ክፍል ከከተማዪቱ ሰፋፊ የመኖሪያና የንግድ ሰፈሮች መካከል ነው።

በአየር መንገድ የሚሄደውና በባሕር የሚሄደው ዕቃ ግን ይለያያል። አበባና ሥጋ በቦሌ በኩል ይበርራሉ፤ ክብደታቸው ቀላል፥ ጊዜያቸውም አጭር ስለ ሆነ ዋጋቸው የአየሩን ኪራይ ይችላል። ነዳጅ፥ ማዳበሪያ፥ ስንዴ፥ ብረትና ትልልቅ መሣሪያ በአውሮፕላን ሊመጡ አይችሉም። በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ በአብዛኛው ጥሬ ዕቃው በጅቡቲ ገብቶ፥ የተሠራው ልብስ በጅቡቲ ይወጣል። እንግዲህ ቦሌ ወደ ዓለም በሩን የከፈተ ሰፈር ነው ስንል፥ ከሰማዩ በር በስተጀርባ የባሕሩ በር መኖሩን መርሳት አይገባንም።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለውን ጕዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አቆመ። በብድር ገንዘብና በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቆ፥ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመንገደኛ ጣቢያው ለቡ፥ የጭነቱ እንዶዴ በመሆኑ ለገሀር የባቡር በርነቱን ለከተማዪቱ ዳርቻ አስረከበ። ከጭነቱ ብዙው ግን ዛሬም በአዋሽ፥ በሚሌና በጋላፊ በከባድ መኪና ይጓዛል። ይህን መንገድ ቀንና ሌሊት የሚያቋርጡት ሾፌሮች የቀድሞዎቹን ሲራራ ነጋዴዎች ተክተዋል፤ በአፋር ሐሩር ውስጥ የሚከፍሉት ድካም ግን እምብዛም አይጻፍም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለሁለቱም አገሮች ይሠራል። ኢትዮጵያ ዛሬ በአብዛኛው የምታየው በአንድ ዓይን ነው። ማዳበሪያ ከክረምቱ በፊት ከወደብ ካልተነሣ የጎጃምና የአርሲ ገበሬ የዘር ጊዜው ያልፍበታል፤ የነዳጅ ቦቴ በመንገድ ላይ ቢዘገይ በአዲስ አበባ ሰልፉ ይረዝማል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየመን በኩል በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙዎቹ የዓለም መርከቦች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞረው መሄዳቸው፥ በሩ በጐረቤታችን እጅ እንኳ ሊጠበቅ የማይችልበት ጊዜ እንዳለ አሳይቷል። ጅቡቲም ደግሞ የገቢዋ ታላቁ ክፍል በአንድ አገር ንግድ ላይ የቆመ በመሆኑ፥ በ1969 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁሉ የደጋው ሰላም ሲናጋ የወደቧ ሥራ ይናጋል።

ስለዚህ አማራጭ መንገድ መፈለግ የጅቡቲን ወዳጅነት መካድ ሆኖ ሊቈጠር አይገባውም፤ ጅቡቲም የገቢዋን ምንጭ ለማብዛት ስትደክም ኢትዮጵያን እንደ ናቀች ልናየው አንችልም። ይህ ፍለጋ በጐረቤቶች መካከል ጥርጣሬ እንዳያስነሣ ግን በንግግርና በውል መሄድ አለበት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል የሚለው ቃል በአዲጋላ ውኃና በዶራሌ ወደብ ሥራ ላይ ውሎ እናየዋለን፤ ውኃው ወደ ታች፥ ዕቃው ወደ ላይ ሲሄድ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ለሥራ ኃላፊዎች የምንለው፥ በጠረጴዛ ላይ የዘገየ አንድ ወረቀት በወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ኪራይ መሆኑን፥ ይህም ኪራይ በመጨረሻ ዕቃውን በሚገዛው ድኻ ላይ የሚወድቅ መሆኑን እንዲያስቡ ነው። መምህራን ደግሞ ለተማሪዎቻቸው የካርታ ትምህርት ሲሰጡ ከቅርባቸው ቢጀምሩ መልካም ነው። የቀበናን ውኃ በአቃቂ፥ አቃቂን በአዋሽ፥ አዋሽን እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ በጣታቸው እንዲከተሉ ያድርጓቸው። ከሐይቁ እስከ ባሕሩ የቀረውን ምድር ማን እንዳቋረጠው፥ በምን ያህል ዋጋና በምን ያህል ውል እንደ ተሻገረ ይጠይቋቸው። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ነገ በወደብ ጉዳይ የሚዋዋሉ ይኖራሉ፤ የበሩን ታሪክ አውቀው ወደ ድርድሩ ቢቀመጡ የራሳቸውን አገር ጥቅም ያስከብራሉ፥ የጐረቤታቸውንም ድርሻ አይዘነጉም።